የአራት ሰርግ ቪዲዮ ላተረፈልኝና ኮምፒውተሬን ከሶኬቱ ጀምሮ ለሠራልኝ ወጣት

ባለፈው ጥር፣ ሰርግ በሚደራረብበት ወር፣ የሰፈራችን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሬ አንድ ጊዜ ጧ ብሎ ጸጥ አለ። ክፍሉን የተቃጠለ ሽታ ሞላው። ውስጡ በነበረው ሀርድ ዲስክ ላይ የአራት ሰርግ ቀረጻ ነበረኝ፤ የሁለቱን ከካሜራው ካርድ ላይ አስቀድሜ አጥፍቼዋለሁ። ሰርግ መቅረጽ የጀመርኩት በቪኤችኤስ ካሴት ዘመን ነው፤ በዚህ ሁሉ ዓመት የሰው ሰርግ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ለሙሽሮቹ ምን እንደምላቸው ሳወጣና ሳወርድ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ዲስኩን ያሳየኋቸው ሁለት ቤቶች «አልቆለታል» ብለው መለሱልኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ የሙያ ጓደኛዬ መገናኛ አካባቢ በጠባብ ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ወጣት ዘንድ ወሰደኝ። ልጁ ብዙ አልተናገረም። ከዲስኩ ሥር ያለችውን አረንጓዴ ሰሌዳ ፈታ፣ በመለኪያ ነካ ነካ አደረገና የሩዝ ፍሬ የምታክል ጥቁር ዕቃ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይህቺ ዘበኛ ናት። ከልክ ያለፈ ኃይል ሲመጣ እሷ ተቃጥላ ዲስኩን ታድናለች። አሁን መንገድ ዘግታ የቆመችው እሷው ናት» አለኝ። ነቅሎ አነሳትና ዲስኩን ከደህና ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም የሶኬቱን ኃይል ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ከሚያከፋፍለው ዕቃ ጋር አገናኘው። ዲስኩ ዞረ። ያን ድምፅ ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ ብል ማጋነን አይሆንም። «ያለ ዘበኛ ስለሆነ አንድ ጊዜ ብቻ እንገለብጣለን፣ ከዚያ ወዲያ ሥራ ላይ አይውልም» አለ። በማግስቱ አራቱም ሰርጎች እጄ ገቡ።

ለዚህ ብቻ እንኳ ምስጋና ይገባው ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግን ከዚያ በኋላ ስላደረገው ነገር ነው።

የተቃጠለውን ፓወር ሰፕላይ ፊቴ ከፈተው። ላዩ ላይ 600 ዋት ተብሎ ተለጥፎበታል፤ በእጄ ሳነሳው ግን እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይቀላል። ውስጡ፣ በመስመሩ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ረብሻ የሚያጣሩ ጥቅልሎች ሊቀመጡበት በሰሌዳው ላይ የታተመው ቦታ ባዶ ሆኖ በቁራጭ ሽቦ ተሻግሯል። ኮምፒውተሩን የሸጠልኝን ቤት ስም አልጠራም። እኔም ስገዛ የኮምፒውተሩ አንጎል ስለሆነው ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነት እንጂ ስለዚህ ዕቃ አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም ነበር። ሻጮችም ይህን ያውቃሉ፤ ገዢው በማይጠይቅበት ቦታ ላይ ነው የሚቀንሱት። ይህ በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም በሳጥኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ኃይሉን የሚያገኘው ከዚያ ዕቃ ነው።

በመጋቢት፣ ጾሙ ገብቶ ሰርግ ሲቆም፣ አዲስ ኮምፒውተር ሊገጥምልኝ ተስማማን። እኔ የጻፍኩትን ዝርዝር ይዤ ሄድኩ፦ ከሁሉ ውዱ ፕሮሰሰር፣ ፊቱ መስታወት የሆነና ባለ ቀለም መብራት ኬዝ (የኮምፒውተሩ ሳጥን)። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ጋሼ፣ መጀመሪያ ቤትዎን ልይ፤ ሳላይ ዋጋ አልነግርዎትም» አለኝ።

የመጣው ቅዳሜ ነበር፤ ባለቤቴ እንጀራ ትጋግራለች። ምጣዱ ሲበራ የሥራ ክፍሌ አምፖል ፈዘዝ አለ። እኛ ለምደነው የማናየውን እሱ ወዲያው አየና «ምጣዱ በየትኛው መስመር ላይ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ የእኔ ኮምፒውተር ደግሞ በዚያው ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል። ሶኬቱን ሲፈትሽም የመሬት መስመር መያዣ ቢኖረውም ከኋላው ሽቦ የሚባል ነገር አልነበረም። «ይህን እኔ አልነካውም፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ» አለ። አንድ የኮምፒውተር ዕቃ ሳይገዛ በፊት ለሥራ ክፍሉ የራሱ መስመርና የመሬት መስመር ተዘረጋ። ከዚህ ሥራ እሱ አንድ ብር አላገኘም።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደ። ቤታችን ያልተነጠፈ መንገድ ዳር ነው፤ በበጋ አቧራው መጋረጃውን ያለብሰዋል። የመስታወት ፊት ያለውን ኬዝ ያስጣለኝ ያኔ ነው። በስልኩ ሥዕሉን አውጥቶ «አየሩ በየት ይገባል?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። አየር የሚስቡት ፋኖች ከመስታወቱ ጀርባ ተሰልፈዋል፤ አየር የሚገባበት ግን በጎን በኩል ያለ ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ያው ፋን ያንኑ ያህል ቢዞር እንኳ የሚያወጣው ሙቀት በባህር ዳርቻ ካሉ ከተሞች ያነሰ ነው። ይህን ከእሱ በፊት ያነሳልኝ ሰው የለም።

የመረጠልኝ ኬዝ ፊቱ ወንፊት ነው። ከወንፊቱ ጀርባ ተስቦ የሚወጣና በውሃ የሚታጠብ ማጣሪያ አለው፤ ከታችም ፓወር ሰፕላዩ አየር በሚስብበት በኩል ሌላ ማጣሪያ አለ። ከፊት ሁለት ፋን ያስገባል፣ ከኋላ አንድ ያስወጣል። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ ትርፉ አየር በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ስለዚህ አቧራው በማጣሪያው በኩል ካልሆነ በሌላ መንገድ አይገባም። ሲጨርስ አንድ ወረቀት ወደ ኬዙ ፊት አስጠጋ፤ ወረቀቱ ወንፊቱ ላይ ልጥፍ አለ። ሌላም ነገር አሰበልኝ፦ አሁን የሚወጡ ብዙ ኬዞች ለውበት ሲሉ የትልቁን ሀርድ ዲስክ ቦታ ቀንሰዋል፤ እኔ ደግሞ ሁለት ያስፈልጉኛል። ከዚያ ሜትሩን አወጣ። ምስልና ቪዲዮ የሚያቀነባብረው የግራፊክስ ካርድ ርዝመት 24 ሴንቲሜትር ገደማ፣ የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ቁመት 15 ሴንቲሜትር ተኩል፣ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባለው መጠን ያለው ማዘርቦርድ 24.4 በ24.4 ሴንቲሜትር። ሁሉንም ከኬዙ ውስጣዊ ልክ ጋር አስተያይቶ በደብተሩ ጻፈ። ገዝቶ ከመጣ በኋላ «አልገባም» ተብሎ የሚመለስ ዕቃ አልነበረም።

የእህቴ ልጅ ከሜሪላንድ ለፋሲካ ይመጣ ነበርና ምን ያምጣ ብዬ ወጣቱን ጠየቅሁት። ኬዝ ከባድ ነው፣ የ23 ኪሎ ሻንጣ ይበላል፣ እዚህ ይገዛል። ትንንሾቹንና ውዶቹን ብቻ ያምጣ አለ፦ ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ እያንዳንዳቸው 16 ጊጋባይት የሆኑ ሁለት ዲዲአር4 ራሞች (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ)። እኔ የጻፍኩት ውድ ፕሮሰሰር የቀረው «ለርስዎ ሥራ የሚለፋው ግራፊክስ ካርዱ ነው» ስላለኝ ነው፤ የተረፈውን ገንዘብ አርቲኤክስ 3060 በሚባል ባለ 12 ጊጋባይት ግራፊክስ ካርድ ላይ አዋልነው። ፓወር ሰፕላዩን ግን እዚሁ ራሱ ከፍቶ አይቶ መረጠው፤ 650 ዋት፣ ኃይል ብዙ እንደማያባክን የሚመሰክር 80 ፕላስ ብሮንዝ ማረጋገጫ ያለው፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሱ የሚያስተካክል። ከውጭ ለምታስመጡ ሁሉ አደራ፦ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለበት ዓይነት ካጋጠማችሁ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ማብሪያው 230 ላይ መሆኑን እዩ። 115 ላይ እንዳለ እኛ አገር ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል።

የገጠመው እኔው ቤት፣ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የእያንዳንዱን ዕቃ መለያ ቁጥር ፊቴ ከካርቶኑ ጋር አመሳከረ። ራሞቹን አጠገብ ለአጠገብ ሳይሆን በሁለተኛውና በአራተኛው ማስገቢያ ላይ የሚሰካበትን ምክንያት አስረዳኝ፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ መረጃ እንዲያቀባብሉ ነው። መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ሲያገናኝ «መብራት ሲሄድ ሥራዎን አስቀምጠው ያጥፉበት እንጂ አይሥሩበት» ብሎ በወረቀት ጽፎ ለጠፈልኝ። ከሰጠሁት ገንዘብ የተረፈውን ከደረሰኞቹ ጋር ቆጥሮ መለሰልኝ። ደረሰኝ አልጠየቅሁትም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ሰርጉ እንደገና ተደራረበ። ቀድሞ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጅ የነበረው ቪዲዮ አሁን እራት በልተን ሳንጨርስ ይወጣል። የእያንዳንዱ ሰርግ ቀረጻ በሁለቱ ዲስኮች ላይ ይቀመጣል፤ ሦስተኛ ቅጂ እህቴ ቤት አለ፣ ይህም የእሱ ትእዛዝ ነው። ማጣሪያዎቹን በየሁለት ሳምንቱ አጥባለሁ፤ ከማጣሪያው የሚወርደውን ጭቃማ ውሃ ሳይ ያ ሁሉ አቧራ ማዘርቦርዱ ላይ ቢያርፍ ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ሰኔ ላይ ሳልጠራው መጥቶ ሙቀቱን ለክቶ ሄደ፤ ሻይ እንኳ ቆሞ ነው የጠጣው።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ ብቻውን ስለሚሠራ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ቢመጣበት ሥራው ይበላሻል ብሎ ይፈራል። ኮምፒውተር ለማስገጠም በእውነት የተዘጋጀ ሰው ለብቻው ይጻፍልኝ፣ ከእሱ ጋር አገናኘዋለሁ። ስትሄዱ የምትሠሩበትን ክፍል፣ የሶኬቱንና የመስኮቱን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ኬዙን አስቀድማችሁ አትግዙ። ተራ ይዛችሁ መጠበቃችሁ አይቀርም፤ እኔ አሥራ አንድ ቀን ጠብቄያለሁ።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴም ቅዳሜ ስትጋግር ብቅ በል ብላሃለች።