ኖይሽቫንስታይንና የባየርን መንደሮችን በአንድ ቀን ለማየት፦ መኪናና አስጎብኚ ለብቻ መያዝ፣ የቡድን አውቶቡስ ወይስ ባቡር?

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። አንዷ ከቨርጂኒያ አማቷንና ልጆቿን ይዛ የምትመጣ ጓደኛዬ ናት፣ አንዱ ለስራ ፍራንክፈርት መጥቶ ቅዳሜና እሁድ ሙኒክ ብቅ የሚል የአክስቴ ልጅ፣ ሌሎቹም እንደዚሁ። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፣ ሙኒክ ድረስ ከመጣን አይቀር ያንን ተራራ ላይ ያለውን ነጭ ቤተ መንግሥት እንዴት ነው የምናየው? ለእያንዳንዱ በድምጽ መልእክት ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ይለቅ ብዬ ነው። በሶስቱም መንገድ ሄጃለሁ፣ ሁለት ጊዜ ገንዘቤ ባክኗል፣ ስለዚህ የማወራው ከኪሴ ወጥቶ ያየሁትን ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አምስት ስድስት ሆናችሁ ከመጣችሁ፣ በተለይ እናት ወይም አባት ይዛችሁ ከሆነ፣ ፈቃድ ያለው ሹፌር አስጎብኚ ከነመኪናው ለብቻችሁ ያዙ። ሁለት ወጣቶች ከሆናችሁ ባቡር። ትልቁን የቡድን አውቶቡስ ግን ለማንም አልመክርም።

መጀመሪያ ዋጋውን እናውራ፣ ሰው የሚደነግጠው እዚያ ላይ ነውና። ለብቻ የሚያዝ ቫን ከአስጎብኚ ጋር ከሙኒክ ተነስቶ ሙሉ ቀን፣ እኔ ስጠያይቅ ያገኘሁት ዋጋ ከ650 እስከ 1000 ዩሮ ነው፣ የኛ 780 ነበር። ሰው 780 ሲባል "ውይ!" ይልና ስልኩን ይዘጋል፣ ግን ዋጋው በሰው ሳይሆን በመኪና ነው፣ ለስድስት ሲካፈል 130 ዩሮ ነው የሚደርሰው። አውቶቡሱ ደግሞ ለአንድ ሰው 75 ዩሮ ከፍለናል፣ የመግቢያ ትኬት ሳይጨምር። ስለዚህ ልዩነቱ በሰው 55 ዩሮ ነው፣ ሰው እንደሚያስበው አስር እጥፍ አይደለም። ለሁለት ሰው ግን 780 ለሁለት ሲካፈል 390 ነው፣ እሱን ማንም አይክፈል።

ባቡር በጣም ይረክሳል። ባየርን ቲኬት የሚባለው የቀን ትኬት ለመጀመሪያው ሰው 30 ምናምን ዩሮ ሆኖ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው 10 ዩሮ ገደማ ነው፣ እስከ አምስት ሰው፣ ማለትም አምስት ሆናችሁ 70 ምናምን ዩሮ ደርሶ መልስ። ከ15 ዓመት በታች የሆኑ የራሳችሁ ልጆች በነጻ ነው የሚሄዱት። እዚህ አገር የምትኖሩና ዶይችላንድ ቲኬት የሚባለው የወር ትኬት ያላችሁ ደግሞ ምንም አትጨምሩም፣ እስከ ፉሰን ከተማ በባቡር ከዚያም 73 ወይም 78 ቁጥር አውቶቡስ ይዛችሁ ሆኸንሽቫንጋው መንደር ትወርዳላችሁ፣ ትኬቱ እሱም ላይ ይሰራል። መንገዱ ባቡሩ ብቻ ሁለት ሰዓት ነው። ባየርን ቲኬት ከሰኞ እስከ አርብ ከጠዋቱ ሶስት ሰዓት በፊት እንደማይሰራ እወቁ፣ ቅዳሜና እሁድ ግን ከሌሊት ጀምሮ ይሰራል። አይሲኢ በሚባለው ፈጣን ባቡር ላይም አይሰራም። ስማችሁን ትኬቱ ላይ ጻፉ፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ያልተጻፈበት ትኬት ዋጋ የለውም።

ታዲያ ባቡር ይህን ያህል ከረከሰ ለምን ሁሉም በባቡር አይሄድም? ምክንያቱም በባቡር የምታዩት ኖይሽቫንስታይንን ብቻ ነው። ሊንደርሆፍ የሚባለው ሌላው ቤተ መንግሥት ሸለቆ ውስጥ ነው፣ ባቡር የለውም፣ ከኦበራመርጋው መንደር አውቶቡስ መያዝ ነው፣ ከፉሰን ወደ ኦበራመርጋው የሚሄደው አውቶቡስ ደግሞ በቀን ጥቂት ጊዜ ነው፣ አንዱ ካመለጣችሁ ቀኑ አለቀ። እኔና እህቴ ሁለቱንም በአንድ ቀን ሞክረን ሊንደርሆፍ ስንደርስ የመጨረሻው ጉብኝት ገብቶ ነበር።

አሁን ስለ አውቶቡሱ። እማዬ የዛሬ ሁለት ዓመት ከአዲስ አበባ ስትመጣ ነሐሴ ነበር፣ አምስት ሆነን 375 ዩሮ ከፈልን፣ ደስ ብሎናል። ሃምሳ ሰው የያዘ አውቶቡስ ሊንደርሆፍ ቆመ፣ መጸዳጃ ቤት ሰልፍ ብቻ ግማሽ ሰዓት ወሰደ። ኦበራመርጋው ሲደርስ "25 ደቂቃ" ተባልን፣ እሱም እቃ መሸጫ በር ላይ ነው ያወረዱን። ከዚያ ሆኸንሽቫንጋው ደረስን በጣም ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ እኩለ ቀን ላይ። ከታች እስከ ቤተ መንግሥቱ በእግር ዳገት ነው፣ ለጤነኛ ሰው ሰላሳ አርባ ደቂቃ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። የፈረስ ጋሪ አለ፣ ሰልፉ ግን መንገዱን ዘግቶታል፣ አስጎብኚዋ ደግሞ ሌሎቹን ይዛ ቀድማ ወጥታለች። ጋሪው ተሳክቶልን ስንሳፈር እሱም በር ድረስ አያደርስም፣ ከወረዳችሁ በኋላ አስር አስራ አምስት ደቂቃ የሚሆን ዳገት ይቀራል፣ ያንን ማንም አልነገረንም። ትኬቱ ላይ የመግቢያ ደቂቃ ተጽፏል፣ ያ ደቂቃ ካለፈ በሩ አይከፈትላችሁም፣ ትኬቱም ተቃጠለ ማለት ነው። የኔና የእማዬ ተቃጠለ። ግንቡ ስር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እያስተካከለች "እናንተ ካያችሁ እኔ አየሁ ማለት ነው" አለችኝ። ዛሬም ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

በዚያ የተነሳ በሚቀጥለው ጊዜ እንግዳ ሲመጣብኝ "ፕራይቬት" የሚለውን ፈለግኩ፣ ግን ርካሹን። 380 ዩሮ የሚል ማስታወቂያ አየሁና ያዝኩ። የመጣው ሹፌር ብቻ ነው። ቋንቋም ችግር ነው፣ ታሪክም አያውቅም፣ ፓርኪንግ ላይ ጥሎን ስልኩ ውስጥ ገባ፣ ቆርጫለሁ ያለው ትኬትም አልተቆረጠም፣ እዚያው ያን ቀን ሰልፍ ይዘን የቀረው ትኬት ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ነበር። ይኼ ነው ትልቁ ማጭበርበሪያ፣ ሹፌርን አስጎብኚ ብሎ መሸጥ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት "አስጎብኚው ራሱ ነው የሚነዳው ወይስ ሹፌር ብቻ ነው፣ ከመኪና ወርዶ ከኛ ጋር ይሄዳል ወይ" ብላችሁ በጽሁፍ አስመልሱ።

ሌላው ፔ-ሻይን ነው። ጀርመን ውስጥ ሰው በክፍያ የሚጭን ሹፌር ይህ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን ያውቁታል። "የኛ ልጅ አለ በ250 ይወስዳችኋል" የሚል ሰው አይጠፋም፣ ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ግን ፈቃድ ሳይኖረው አስከፍሎ እየነዳ አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ ጣጣ ያመጣል፣ እናታችሁን አሳፍራችሁ 500 ዩሮ ለማትረፍ ብላችሁ አትግቡበት። በወዳጅነት ነዳጅ አዋጥቶ መሄድ ሌላ ነገር ነው።

"ሰልፍ የማያስይዝ ትኬት" እያሉ ኢንተርኔት ላይ በእጥፍ የሚሸጡትን ደግሞ እለፏቸው። ኖይሽቫንስታይን ሁሉም ሰው በተጻፈለት ደቂቃ ነው የሚገባው፣ ከማንም መቅደም የሚባል ነገር የለም። ትክክለኛው ትኬት 20 ዩሮ አለፍ ይላል ከትንሽ የማስያዣ ክፍያ ጋር፣ ከ18 ዓመት በታች መግቢያው ነጻ ነው፣ ለልጆቹም ግን ትኬት መያዝ አለበት። አጠገቡ ያለው ቢጫው ሆኸንሽቫንጋው፣ ኖይሽቫንስታይንን ያሰራው የባየርን ንጉሥ ሉድቪግ ልጅ ሆኖ ያደገበት፣ እሱ የመንግሥት ስላልሆነ ከ7 ዓመት ጀምሮ ልጆችም ይከፍላሉ። በአውሮፓ በጋ ወራት ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ቁረጡ።

ደግሞ አንድ የማይነገር ነገር፣ የፈለገ ገንዘብ ብትከፍሉ የግላችሁ አስጎብኚ ኖይሽቫንስታይን ውስጥ ይዟችሁ አይዞርም፣ ውስጡን የሚያስጎበኘው የቤተ መንግሥቱ የራሱ ጉብኝት ነው፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ፎቶም ክልክል ነው። መኪናችሁም ከመንደሩ በላይ አይወጣም። ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ ለምን? ለሰዓቱና ለመንገዱ ነው።

አምና እማዬ ለእህቴ ልጅ ክርስትና ስትመጣ 780ውን ከፍለን ስድስት ሆነን ሄድን። አስጎብኚዋ ሴት ናት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤታችን በር ወሰደችን፣ የመግቢያ ትኬቱን አራት ሰዓት አካባቢ ነበር የያዘችው ሆን ብላ፣ ትልልቆቹ አውቶቡሶች ሳይደርሱ። ጋሪው ጋ ሶስት ሰው ብቻ ነበር የተሰለፈው። የቀረችውን ዳገት እማዬ በቀስታ እየቆመች ወጣች፣ ማንም አላጣደፋትም። የዙፋን አዳራሹ ስትገባ፣ ወርቅ ግድግዳ፣ ከላይ ክርስቶስ ተቀምጦ ከጎኑ ሐዋርያት፣ "ይሄማ ቤተክርስቲያን ነው እንጂ የንጉሥ ቤት ነው እንዴ?" አለችኝ ጆሮዬ ላይ። እውነትም ሉድቪግ የባይዛንታይን ቤተክርስቲያን አስመስሎ ነው ያሰራው፣ ዙፋኑ ግን ሳይሰራ በ1886 ሞተ፣ አዳራሹ እስከ ዛሬ ዙፋን የለውም። ቤተ መንግሥቱ በ1869 ተጀምሮ እሱ ሲሞት አላለቀም ነበር። ይህንን ሁሉ አስጎብኚዋ መኪና ውስጥ እየሄድን ነግራን ስለነበር ውስጥ ስንገባ ምን እንደምናይ እናውቃለን፣ ግማሽ ሰዓቷ በቂ የምትሆነው እንዲህ ሲሆን ነው።

ከዚያ የእኛ አውቶቡስ ፈጽሞ ያልቆመበት ቦታ፣ ቪስኪርኸ። ሜዳ ላይ ከላሞች መሃል ያለ ቤተክርስቲያን ነው፣ ከውጭ ስታዩት ተራ፣ ከውስጥ ግን ብርሃንና ወርቅ። በ1738 አንዲት የገበሬ ሚስት እቤታቸው በነበረው የተገረፈው ክርስቶስ ምስል አይኖች ላይ እንባ አየች ተብሎ ሰው መጉረፍ ጀመረ፣ ከዚያ ነው ቤተክርስቲያኑ የተሰራው፣ ምስሉ አሁንም አለ። እማዬ ይህን ስተረጉምላት ጫማዋን አውልቃ ልትገባ ፈለገች፣ አስጎብኚዋም ዝም ብላ ጠበቀች፣ አርባ ደቂቃ ቆየን። መግቢያው ነጻ ነው። እኔ ከዚያ ቀን ሁሉ የማስታውሰው እሱን ነው።

ኦበራመርጋው ላይ ሁለት ሰዓት ነበረን። ቤቶቹ ግድግዳ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ተስሎባቸዋል፣ እንጨት የሚጠርቡ ሰዎች በር ከፍተው ይሰራሉ። በ1633 ወረርሽኝ ሲፈጃቸው "ከማርከን የጌታን ሕማማት በየአስር ዓመቱ እናሳያለን" ብለው ተሳሉ፣ እስከ ዛሬ መንደሩ በሙሉ ይጫወተዋል፣ የመጨረሻው በ2022 ነበር በኮሮና ምክንያት ከ2020 ተገፍቶ፣ ቀጣዩ 2030 ነው። ስለት ለሚያውቅ ለኛ ሰው ይህ ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ ቶሎ ይገባል። መጨረሻ ሊንደርሆፍ፣ ሉድቪግ በሕይወቱ ሳለ ያለቀለት ብቸኛው ቤተ መንግሥት ነው፣ ትንሽ ነው ግን እኔ ከኖይሽቫንስታይን እሱን እመርጣለሁ። አሽከሮቹን ላለማየት ምግብ ጠረጴዛው ከነምግቡ ከታች ከኩሽና ተስቦ ወለሉን ከፍቶ እንዲወጣ ነበር ያሰራው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ገባን።

መኪና ተከራይቶ ራስ መንዳትም ይቻላል፣ ለሚነዳው ሰው ግን ቀኑ የስራ ቀን ነው፣ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ይዞ ለጉብኝት የመጣ ደግሞ ከትርጉሙ ጋር መያዝ አለበት። ጂፒኤሱ ከሊንደርሆፍ ወደ ፉሰን በፕላንዜ ሐይቅ በኩል ይወስዳችኋል፣ በጣም የሚያምር መንገድ ነው ግን ኦስትሪያን አቋርጦ ነው። ጌሽታቱንግ ወይም ዱልዱንግ፣ ማለትም የጥገኝነት ጠያቂ ጊዜያዊ ወረቀት፣ የያዘ ሰው አብሯችሁ ካለ በዚያ አትሂዱ፣ በሽታይንጋደን በኩል ጀርመን ውስጥ ቆዩ። ሌሎቻችሁም ፓስፖርት ያዙ፣ ሲመለሱ ድንበር ላይ ፍተሻ ሊያጋጥም ይችላል።

ወሩን ከመረጣችሁ ግንቦት ወይም መስከረም ይሁን። በአውሮፓ ክረምት ላይ የማሪየን ድልድይ በበረዶ ሊዘጋ ይችላል፣ ያ ሁሉም የሚያውቀው ፎቶ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። የቨርጂኒያዋ ጓደኛዬ ግን ከነሐሴ ሌላ እረፍት የላትም፣ ስለዚህ ቫኑን ለሰባት ሰው ይዤላታለሁ፣ ትኬቷም በጠዋቱ ነው፣ የልጆቹ ነጻ። ነሐሴ 9 ቀን፣ በፈረንጆቹ 15፣ ባየርን ውስጥ በዓል ስለሆነ ያንን ቀን ትተን በማግስቱ አደረግነው። አማቷ ፍልሰታን ይጾማሉ፣ መንገድ ላይ ያለው ምግብ ሁሉ ሥጋና ቺዝ ነው፣ እኔ ሽሮና ጎመን በእንጀራ ጠቅልዬ ማታውኑ አደርስላቸዋለሁ።