ሻጩ በራሱ ኬዝ ሰክቶ ያሳያችሁን ሃርድ ዲስክ አትግዙ

ከኤክስተርናል ወጥቶ «ኢንተርናል ነው» እየተባለ የሚሸጥ ባለ 3 ወይም 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ በተለይ ሊነክስ የምትጠቀሙ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። አሻሻጡ አንድ ዓይነት ነው። ሻጩ ዲስኩን የራሱ ዩኤስቢ ኬዝ ወይም ዶክ ውስጥ ይከተዋል፣ ላፕቶፑ ላይ ይሰካዋል፣ ዊንዶውስ ይከፍተዋል፣ «ያው እንደምታየው ነው ወንድሜ» ብሎ ብሩን ይቀበላል። ቤት ገብታችሁ ዴስክቶፑ ላይ በሳታ ገመድ (ዲስክን በቀጥታ ከማዘርቦርዱ ጋር በሚያገናኘው) ስትሰኩት ሊነክስ ወይ ፓርቲሽኑን (ፋይሉ ያለበትን የዲስኩን ክፍል) አያገኘውም፣ ወይ የመጠኑን አንድ ስምንተኛ ያሳያል፣ ወይ ጭራሽ ዲስክ መኖሩንም አያውቅም። ስትደውሉ መልሱ የታወቀ ነው፦ «እኔ ጋ ሠርቷል፤ ያንተ ሊነክስ ነው ችግሩ፤ ፎርማት አድርገው።»

ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። ሱቁ ውስጥ ያያችሁት ኬዙ ላይ ያለችው ቺፕ ስለ ዲስኩ የተናገረችውን ነው። ቺፗ ደግሞ ሁልጊዜ እውነቱን አትናገርም።

አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው የሴክተር ልክ ነው፤ ሴክተር ዲስኩ የሚቆጠርበት ትንሹ ክፍል ነው። ዲስኩ በሳታ ሲሰካ ራሱን በ512 ባይት ሴክተር ያቀርባል። ከ2 ቴራ በላይ ለሆኑ ዲስኮች የተሠሩ ብዙ ኬዞች ግን መሃል ገብተው 4096 ባይት ነው ይላሉ። ይህ የተደረገው ኤምቢአር የሚባለው የፓርቲሽን ሠንጠረዥ በ512 ሴክተር ከ2.2 ቴራ በላይ መቁጠር ስለማይችል፣ ትልቁ ዲስክ ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይም እንዲሠራ ተብሎ ነው። ዲስኩ ያው ኬዝ ውስጥ እስካለ ድረስ ችግር የለም። ከኬዙ ሲወጣ ግን በሠንጠረዡ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ሁሉ በስምንት እጥፍ ይሳሳታሉ።

ተርሚናል ላይ ይህን ይመስላል። ባለ 4 ቴራ ዲስክ በኤምቢአር ተከፍሎ ከነበረ «ኤፍዲስክ ሰረዝ ኤል» ስትሉ ዲስኩን 3.6 ቴራ፣ ፓርቲሽኑን ግን 465.7 ጊጋ አድርጎ ያሳያችኋል። መነሻ ሴክተሩም 2048 መሆን ሲገባው 256 ይላል። ይህን 256 ካያችሁ ምርመራው አልቋል፤ 256 በ4096 ሲባዛ አንድ ሜጋባይት ነው፣ ፓርቲሽን የሚጀምርበት የተለመደው ቦታ። በጂፒቲ (ኤምቢአርን በተካው አዲሱ ሠንጠረዥ) የተከፈለ ከሆነ ደግሞ «ኤልኤስቢኤልኬ» ዲስኩን በሙሉ መጠኑ ያሳያል፤ ከሥሩ ግን አንድም ፓርቲሽን የለም። የጂፒቲ ራስጌ የሚቀመጠው ሴክተር 1 ላይ ነው። በኬዙ ቆጠራ ሴክተር 1 ባይት 4096 ላይ ነው፣ ሊነክስ ግን ባይት 512 ላይ ሄዶ ይፈልገዋል፤ እዚያ ምንም የለም።

ውስጡ የምትፈልጉት ፋይል ካለ ምንም አትጻፉበት። ዊንዶውስ «ኢኒሻላይዝ ላድርገው?» ሲላችሁ እምቢ በሉ፤ የፓርቲሽን ጥገና ፕሮግራሞች የሚያቀርቡትንም «ሠንጠረዡን ላስተካክል» አትቀበሉ። መፍትሔው ሊነክስ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ ሎሴትአፕ የሚባለው ትእዛዝ። በሱዶ አስነሱትና ሁለት ሁለት ሰረዝ እያስቀደማችሁ ሪድ-ኦንሊ፣ ፓርትስካን፣ ፋይንድ፣ ሾው፣ ከዚያም ሴክተር-ሳይዝ 4096 የሚሉትን አማራጮች ጨምሩ። መጨረሻ ላይ የዲስኩን ስም አድርጉ፣ ለምሳሌ ስላሽ ዴቭ ስላሽ ኤስዲቢ። ትእዛዙ ሉፕ0 የሚል ስም ይመልስላችኋል (ሉፕ0 ከተያዘ ሌላ ቁጥር ይሰጣል)፤ ፓርቲሽኑ ደግሞ ሉፕ0ፒ1 ሆኖ ብቅ ይላል። እሱን ለንባብ ብቻ ማውንት አድርጋችሁ ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ። ከርነላችሁ (የሊነክሱ እምብርት) ከ4.14 በፊት ከሆነ ይህ አይሠራም፤ ዛሬ ከርነሉ እንዲህ የቆየ ማሽን ብዙም አይገኝም። ከቀዳችሁ በኋላ ዲስኩን በቀጥታ በሳታ ላይ እንዳለ እንደገና በጂፒቲ ክፈሉት። ከዚያ ወዲህ የትም ቢሰካ ይነበባል፣ ያንኑ ዓይነት ኬዝ ውስጥ ካልመለሳችሁት በቀር።

ዲስኩ ባዶ ሆኖ የተገዛ ከሆነ በቀጥታ ክፈሉትና እርሱት። ይህ ብቻውን ገንዘብ የሚያስመልስ ጥፋት አይደለም።

ማይ ቡክ የሚባሉት የዌስተርን ዲጂታል ኤክስተርናል ዲስኮች ነገር ይለያል። ብዙዎቹ ሞዴሎች የይለፍ ቃል ባይደረግባቸውም የሚጻፈውን ሁሉ ኬዙ ላይ ባለችው ቺፕ ያመሰጥራሉ። ዲስኩን አውጥታችሁ በሳታ ስትሰኩት ዝብርቅርቅ ያለ ባይት ብቻ ነው የምታገኙት፤ የሎሴትአፕ ዘዴም አይረዳም። ባዶ ለገዛ ሰው ጉዳት የለውም። የራሱን ዳታ ይዞ ዲስክ ለሚያዛውር ግን የድሮውን ኬዝ መጣል ዳታውን መጣል ነው። ጥገና ቤት «ኬዙ ተበላሽቷል፣ አዲስ እናልብስልህ» ቢላችሁ አሮጌዋን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ተቀብላችሁ አስቀምጡ። የማይ ፓስፖርት ትንንሾቹ ዲስኮች ደግሞ ብዙዎቹ የዩኤስቢ ሶኬታቸው ዲስኩ ሰሌዳ ላይ የተበየደ ነው፤ የሳታ ማገናኛ የላቸውም። «ኢንተርናል ይሆናል» ከተባላችሁ ገልብጣችሁ እዩ።

ዲስኩ ባዮስ ላይም የማይታይ፣ ሲነካ የማይንቀጠቀጥ፣ ሞተሩ የማይነሳ ከሆነ ሞቷል ከማለታችሁ በፊት 3ኛውን ፒን አስቡ። ከኤክስተርናል የሚወጡ ትልልቅ ዲስኮች፣ ነጭ ሌብል ካላቸው ባለ 8 ቴራና ከዚያ በላይ ብዙዎቹ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ሳታ 3.3 ደንብ መሠረት በኃይል ማገናኛው 3ኛ ፒን ላይ 3.3 ቮልት ካገኙ «ጠፍተህ ቆይ» የተባሉ ያህል ይቀመጣሉ። የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ደግሞ ይህንኑ 3.3 ቮልት ሁልጊዜ ይልካሉ። ኬዙ ስለማይልክ ሱቅ ውስጥ ሠርቷል። መፍትሔው ባለ 15 ፒኑ ማገናኛ ላይ፣ ከዳታ ማገናኛው በኩል ስትቆጥሩ የመጀመሪያዎቹን 3 ፒኖች በቀጭን ካፕቶን ቴፕ መሸፈን ነው። ተራ የኤሌክትሪክ ቴፕ ወፍራም ነው፤ ሲሰካ ተጠቅልሎ ሌላውን ፒን ይሸፍናል። ከሞሌክስ (ከቆየው ባለ 4 ፒን የኃይል ማገናኛ) ወደ ሳታ የሚቀይር ገመድም ይሠራል፤ ግን ጫፉ በፕላስቲክ ተቀልጦ የተዘጋውን ተዉት፣ ውስጡ ሲጠጋጋ የሚቃጠለው እሱ ነው።

የተገላቢጦሹም አለ፦ ዲስኩ ደህና፣ ኬዙ አሮጌ። ባለ 3 ቴራ ዲስክ ሰክታችሁ የከርነሉን መልእክት የሚያሳየው «ዲኤምኢኤስጂ» 801 ጊጋ ካለ ማጭበርበር አይደለም፤ ኬዙ ከ32 ቢት በላይ መቁጠር አይችልም፣ 2.2 ቴራውን ዋጥ አድርጎ ትርፉን ነው የነገራችሁ። ባለ 4 ቴራው በዚያው ኬዝ 1.8 ቴራ ይባላል። በእንዲህ ያለ ኬዝ ላይ ፓርቲሽን አትሥሩ።

እውነተኛው ሌብነት ያለው የአገልግሎት ሰዓቱ ላይ ነው፤ እዚህ ጋ ሻጩን ማመን የለም። ላይቭ ሊነክስ ያለበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ የዲስክን ጤና የሚያነበው ስማርትሞንቱልስ ይኑርበት። ዲስኩ ከኬዝ ወጥቶ በሳታ ይሰካ፤ የግድ በኬዝ ከሆነ «ስማርትሲቲኤል ሰረዝ ኤክስ» ስትሉ «ሰረዝ ዲ ሳት» ጨምሩበት። መጀመሪያ የሚወጣው ሲሪያል ቁጥር ሌብሉ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። ከዚያ በዝርዝሩ ላይ ቁጥር 9 የሠራበት ሰዓት ነው፤ ዓመት 8760 ሰዓት ስለሆነ 35 ሺህ ያለው «ትንሽ የተነካ» ዲስክ አራት ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ ሰርቨር ላይ የኖረ ነው። ቁጥር 5፣ 197 እና 198 (የተበላሹና የተጠረጠሩ ሴክተሮች ብዛት) ዜሮ ይሁኑ። በተለይ 197 ላይ ዜሮ ያልሆነ ነገር ካያችሁ ዋጋ አትከራከሩ፣ ጥላችሁ ውጡ። 199 ግን ብዙ ጊዜ የገመድ ጥፋት ነው፤ በሌላ ገመድ ስትሞክሩት መጨመሩን ካቆመ ዲስኩን አትክሰሱት።

ሰዓቱ 2 ወይም 3 ሆኖ ሳለ የማገናኛው ወርቃማ ጥርሶች ላይ የመሰካት ጭረት ካለ፣ ወይም ሌብሉ ላይ ያለው የምርት ዓመት ከ«አዲስነቱ» ጋር ካልገጠመ፣ ቆጣሪው ወደ ኋላ ሳይመለስ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ጀርመን አገር አዲስ ተብለው የተሸጡ የሲጌት ዲስኮች የተጋለጡት ከስማርት (ከላይ ካሉት የጤና ቁጥሮች መዝገብ) ሌላ «ፋርም» የሚባል መዝገብ ስላላቸው ነው። ስማርትሞንቱልስ 7.4 እና ከዚያ በኋላ የወጡት «ሰረዝ ኤል ፋርም» ሲባሉ ያወጡታል። የሁለቱ ሰዓት ከተለያየ ይበልጥ የሚታመነው ፋርም ላይ ያለው ነው።

በኪስ የሚያዝ «16 ቴራ ኤስኤስዲ» በጥቂት ሺህ ብር ካያችሁ ደግሞ ምርመራም አያሻው፤ ውስጡ ትንሽ ሜሞሪ ካርድና ውሸት የተሞላ ቺፕ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች ደህና ይቀመጣሉ፣ ቀጥሎ የሚመጡት ስማቸው ብቻ ይቀራል። ቀድሞ የገዛ ሰው «ኤፍ3ፕሮብ» በሚባለው ትእዛዝ እውነተኛውን መጠን በደቂቃዎች ያገኛል። ሙሉውን ጽፎ ማንበብ ከመረጣችሁ በሰከንድ 100 ሜጋ ለሚጽፍ ባለ 4 ቴራ ዲስክ መጻፉ ብቻ 11 ሰዓት ይፈጃል።

ደረሰኙ ላይ «ሃርድ ዲስክ 1» የሚል ብቻ አትቀበሉ። ሲሪያል ቁጥሩ፣ መጠኑ፣ ቁጥር 9 ላይ የተነበበው ሰዓት፣ «ያለ ኬዝ በሳታ የሚሠራ» የሚለው ቃልና የመመለሻ ቀን ይጻፉበት። አልጽፍም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።