ካርታውን በስሜ አድርጋ ላስረከበችኝ ባለሙያ

ይህን ጽሁፍ የምጽፈው ባሕር ዳር የምትኖር አንዲት የድረ ገጽ ባለሙያን በአደባባይ ለማመስገን፣ እግረ መንገዴንም እንደ እኔ አነስተኛ ሥራ የያዛችሁ ወገኖቼ እኔ የከፈልሁትን ዋጋ ሳትከፍሉ እርሷን እንድታገኟት ለመጠቆም ነው። «ስሜን ግን አይጻፉብኝ» ብላ ስለለመነችኝ ስሟን አልጠቅስም። እኔ በጣና ሐይቅ ላይ በ2 የሞተር ጀልባዎች እንግዶችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የማመላልስ ሰው ነኝ፤ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ነገር ቢኖር ልጆቼ ሲነካኩት አይቼ የለቀምሁት ብቻ ነው። ስለዚህ እንዴት አድርጋ እንደሠራችው ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም፤ ያደረገችልኝን ግን እነግራችኋለሁ።

ከእርሷ በፊት 2 ጊዜ ተቃጥያለሁ። የመጀመሪያው ሰው «በ15 ቀን አስረክብዎታለሁ» ብሎ የዋጋውን ግማሽ በቅድሚያ ተቀበለኝ፤ 15ቱ ቀን 5 ወር ሆነ። ስደውል «እየሠራሁት ነው» ይለኛል፤ ደግሜ ስደውል «ነገ» ይለኛል፤ ሦስተኛ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። በመጨረሻ ሠራሁት ብሎ ሲያሳየኝ በፊተኛው ገጽ ላይ የለጠፈው ፎቶ ነጭ አሸዋና የተሰለፈ ዘንባባ ያለበት፣ የየት አገር እንደሆነ የማላውቀው የባሕር ዳርቻ ነበር። ዘንባባስ ለእኛም ከተማ አያንሳትም፤ ነጭ አሸዋ ግን ከየት አምጥቼ ነው ለእንግዳ የማሳየው? ይሁን ብዬ ቀሪውን ከፈልሁና አድራሻውን በጀልባዎቼ ጎን ላይ በቀለም አስጻፍሁት። ዓመት ሲሞላው ድረ ገጹ ከነአድራሻው ጠፋ። ለካ አድራሻው የተመዘገበው በእርሱ ስምና በእርሱ ኢሜይል ኖሯል፤ በየዓመቱ ተከፍሎበት መታደስ እንዳለበትም የነገረኝ ሰው አልነበረም። በስንት ልፋት ሳገኘው «ለማዛወሪያ» ብሎ ከመጀመሪያው ዋጋ የማይተናነስ ገንዘብ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ከጀልባዎቹ ጎን ላይ ጽሁፉን በገዛ እጄ በቢላዋ የፋቅሁት ትዝ ሲለኝ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ የአንዱ ፊደል ጥላ እስካሁን አልለቀቀም።

ሁለተኛው ደግሞ ቢሮ ነበር፤ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ቡና የሚቀርብበት፣ በትልቅ ስክሪን እያሳዩ የሚያስረዱበት ቢሮ። ግማሹን በእንግሊዝኛ ሲያስረዱኝ ያልገባኝን እንደገባኝ ሆኜ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ ይህን አልደብቅም። እንግዶች ካሉበት አገር ሆነው በካርድ እየከፈሉ ቦታ የሚይዙበት ነገር እንሠራልዎታለን ተባልሁና ቅድመ ክፍያውን ከፈልሁ። አንድም የተሠራ ነገር ሳላይ ያነጋግረኝ የነበረው ልጅ ሥራውን ለቀቀ፤ በእርሱ ቦታ የተተካው ደግሞ ጉዳዬን ከነጭራሹ አያውቀውም። ከዚያ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ እንግዳም ጠፋ፤ ጀልባዎቹ ታስረው ከረሙ፤ እኔም ድረ ገጽ የሚባል ነገር በቤቴ ሁለተኛ እንዳይነሳ ብዬ ተውሁት።

ወደዚህች ባለሙያ የመራኝ የእህቴ ልጅ ነው። ደውዬ ችግሬን ስነግራት ዋጋ አልጠራችም፤ «ጋሼ፣ መጀመሪያ ሥራዎትን ልየው» አለችኝና በማግሥቱ ማለዳ ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት ዳርቻ ድረስ መጣች። ኮምፒውተሯን ከቦርሳዋ አላወጣችም። ከዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ እንግዶች መጥተው የሚጠይቁትን፣ እኔ የምመልሰውንና ጀልባ ነጂዎቹ ከጎን ሆነው የሚጨምሩትን ሁሉ ትጽፍ ጀመር። በሁለተኛው ቀን ከእንግዶች ጋር ተሳፍራ ዘጌ ደርሳ ተመለሰች፤ ከጀልባ ማረፊያው እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በእግር ምን ያህል እንደሚያስኬድ እንኳን በራሷ እግር ለክታው መጣች። ለእኔም አንድ ደብተር ሰጥታኝ ለ1 ሳምንት በስልክ የምጠየቀውን ሁሉ እንድመዘግብ አዘዘችኝ። ደብተሩን መልሼ ስሰጣት ከግማሽ በላይ የሆነው ጥያቄ 3 ነገር ብቻ መሆኑን አሳየችኝ፤ ስንት ብር ነው፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ለስንት ሰው ነው።

እኔ በበኩሌ ድረ ገጹ እንዲኖሩት የምፈልጋቸውን 12 ገጾች በወረቀት ዘርዝሬ ጠብቄያት ነበር፤ ዝርዝሩን ያገኘሁት ከዚያ ምንጣፍ ካለው ቢሮ ነው። አነበበችውና «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ማን ይሞላዋል? ማንስ ያነበዋል? 4 ገጽ ይበቃዎታል» አለችኝ፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ወረደ። የራሱን ገቢ በራሱ አፍ የሚቀንስ ባለሙያ ከዚያ በፊት አጋጥሞኝ አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚያው በመጀመሪያው ማለዳ ለእንግዶች የምሰጠውን ካርድ አገላብጣ አየችና «ጋሼ፣ ይህ 2 ሰዓት የማን ሰዓት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው መጀመሪያ አልገባኝም። ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ጀልባው በ2:00 እንደሚነሳ ተጽፏል፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው 2 ሰዓት ጠዋት ነው። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ለፈረንጁ 8 ሰዓት እንደሆነ፣ እርሱ 2:00 የሚለውን ሲያነብ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት እንደሚመስለው ስታስረዳኝ የምገባበት ጠፋኝ። ልዩነቱን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ የገዛ ካርዴን በእንግዳ ዓይን አንብቤው ስለማላውቅ ነው። ጽሁፉ በካርዱም፣ በፌስቡክ ገጼም፣ በጠፋው ድረ ገጽም እንዲሁ ነበር፤ ሠራንልህ ያሉትም ሰዎች እንዳለ ገልብጠውታል። ስንቱን እንግዳ ነው 6 ሰዓት ዘግይቶ መጣ ብዬ «ቀጠሮ የማያከብር» እያልሁ በሆዴ የረገምሁት! አንድ ጊዜ ጸጉራቸው የሸበተ ባልና ሚስት እንዲሁ ከሰዓት በኋላ መጡ፤ ነፋሱ ተነስቶ ሐይቁ መናወጥ ጀምሮ ስለነበር አልሄድም ብዬ መለስኋቸው፤ በማግሥቱ አውሮፕላን ነበራቸው። ሴትዮዋ አንዴ ካርዱን፣ አንዴ የእጅ ሰዓቷን ስታሳየኝ እኔም የራሴን ሰዓት አሳየኋት፤ ሁለታችንም ልክ ነበርን። ከእነዚያ ሰዎች ይቅርታ የምጠይቅበት መንገድ የለኝም። አሁን በአዲሱ ድረ ገጽ ላይ አማርኛው በእኛ ሰዓት፣ እንግሊዝኛው በእነርሱ ሰዓት ተጽፏል፤ ከሥሩም ስለ ሁለቱ አቆጣጠር አንዲት አጭር ማስታወሻ አለች። ከዚያ ወዲህ በሰዓት የተጋጨሁት እንግዳ የለም።

ሌላው ጥያቄዋ «እኔ ራሴ ብመጣ ከእነዚህ ገዳማት የትኞቹ ላይ መውረድ እችላለሁ?» የሚል ነበር። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው መሆናቸው ለእኛ ለሐይቁ ሰዎች ከልጅነት ጀምሮ የምናውቀው ነገር ስለሆነ መጻፍ እንዳለበት አስበነው አናውቅም፤ በዚህ ምክንያት ከአዲስ አበባ ድረስ በዳጋ ያረፉትን የነገሥታቱን ዐፅም እናያለን ብለው የመጡ እናትና ልጅ ከጀልባው አፍ ላይ ቆመው ፊታቸው ሲለዋወጥ አይቻለሁ። አሁን በየገዳሙ ስም አጠገብ ሴቶች የሚገቡበትና የማይገቡበት ተለይቷል፤ ክብራንን ማየት የማይችሉ ሴቶችም በቅርቡ ያለውን እንጦስ ኢየሱስንና የዘጌዎቹን አብያተ ክርስቲያናት እንዲያዩ ተጠቁሟል፤ የገዳማቱ መግቢያ ክፍያም ከጀልባው ዋጋ የተለየ መሆኑ ግልጽ ሆኗል። በመኪና የማዘጋጀውን የጢስ ዓባይ ጉዞ በተመለከተ ግን ተከራክረን ነበር። ፏፏቴው ክረምቱ ሲወጣ ሞልቶ ይወርዳል፤ በበጋ ግን ወንዙ ይቀንሳል፣ ውሃውም ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚጠለፍ ይሳሳል። እርሷ የመስከረሙንና የየካቲቱን ፎቶ ጎን ለጎን ላስቀምጥ ስትል «እንግዳ ልታባርሪብኝ ነው እንዴ ልጄ?» አልኋት። «ጋሼ፣ እዚህ መጥተው ከሚያዝኑብዎት ቤታቸው ሆነው ቢያውቁት አይሻልም?» አለችኝ። ተሸነፍሁ።

ትንሽ ስለ ራሴ ልጨምር፤ ከጉዳዩ አልወጣም። አባቴ በደንገል ታንኳ ከዘጌ ማገዶና ቡና እየጫነ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይመላለስ ነበር። ባለሙያዋ ይህን ከጀልባ ነጂዎቹ ሰምታ «እንግዳው ከማን ጋር እንደሚሳፈር ማወቅ ይፈልጋል» ብላ የአባቴን ታሪክ በ5 መስመር ጻፈችው፤ ከማውጣቷ በፊት ግን እናቴ ትስማው ብላ ቤት ድረስ መጣች። እናቴ አንብቦ የማወቅ ዕድል ያላገኘች ሴት ናት። ልጅቷ ከአጠገቧ በርጩማ ስባ ተቀምጣ ቀስ ብላ አነበበችላት። እናቴ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አዳመጠችና «ጌሾውንስ? ሎሚውንስ? ምነው ረሳችሁት?» አለች። ልጅቷም እዚያው ቡናው ሳይደርስ ጌሾውንና ሎሚውን ጨመረችና ደግማ አነበበችላት። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ያቺ ልጅ ደህና ናት?» ሳትል አትውልም።

ርክክቡ ነው ከሁሉ ያስደነቀኝ። አድራሻውን በኢትዮ ቴሌኮም በኩል በራሴ ስም አስመዘገበችው። ዶሜይንና ሆስቲንግ የሚባሉትን ነገሮች 2 ሰዎች ሊያስረዱኝ ሞክረው አልገባኝም ነበር፤ እርሷ ግን «ጋሼ፣ ዶሜይኑ፣ ማለትም አድራሻው፣ የቤትዎ ካርታ ነው፣ ሆስቲንጉ ቤቱ ያረፈበት የኪራይ ቦታ ነው። ካርታው በሰው ስም ከሆነ ቤቱ የእርስዎ አይደለም» ስትለኝ ያኔ የተቃጠልሁበት ነገር ሁሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። የይለፍ ቃሎቹን፣ የሚታደስበትን ቀንና የሚከፈለውን ብር በወረቀት ጽፋ በፖስታ አሽጋ በእጄ ሰጠችኝ። ቀሪ ክፍያዋን ልሰጣት ቴሌብር ስከፍት «ቆይ፣ መጀመሪያ የዘጌን ዋጋ ራስዎ ይቀይሩልኝና» አለችኝ። በስልኬ ገብቼ ቀየርሁት፤ ተሳሳትሁ፤ ደገምሁት፤ በሦስተኛው ሠራልኝ። ያን ጊዜ ነው ገንዘቧን የተቀበለችው። በኋላ ነዳጅ ሲጨምር ማንንም ሳልለምን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ዋጋዬን አስተካከልሁ፤ ባለቤቴ «ምን ያስቅሃል?» እስክትለኝ ድረስ ለብቻዬ ስስቅ ነበር።

ስለ ቀረው በአጭሩ ልበል። ፎቶዎቹ ሁሉ የእኛው ሐይቅ፣ የእኛው ጀልባ ናቸው። ገጹ በደካማ ኔትወርክም ይከፈታል፤ ይህንን የሞከረችው በራሷ ስልክ ሳይሆን ስክሪኑ በተሰነጠቀው በጀልባ ነጂያችን አሮጌ ስልክ ነው። ስልክ ቁጥሬ በየገጹ አናት ላይ ጎልቶ ተቀምጧል፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቁጥሩን ቀድሞ የያዘ ሰው በተራ ጥሪ ያገኘኛል ብላ ነው። ስታስረክበኝ ካለችው ቀን የዘገየችው 3 ቀን ነው፤ እርሱንም አስቀድማ ደውላ ነግራኛለች። እንከን ልፈልግባት ብል፣ ማታ ማታ ስልኳን ቶሎ አለማንሳቷ ብቻ ነው፤ እርሱም በማግሥቱ ራሷ ስለምትደውል ቅር አይለኝም።

እንግዲህ ማረፊያ ቤት ያላችሁ፣ አሳ የምታቀርቡ፣ የእጅ ሥራ የምትሸጡ፣ እንደ እኔ ጀልባ ያላችሁ ሁሉ፣ ድረ ገጽ ልታሠሩ ካሰባችሁ እባካችሁ ከማንም በፊት እርሷን አነጋግሯት፤ ሌላ ሰው እንኳ ብትመርጡ አድራሻው በማን ስም እንደሚመዘገብ ሳትጠይቁ ቅድመ ክፍያ አትክፈሉ። ልጄ፣ ይህን ካነበብሽው እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እናቴም ሰላም ብላሻለች። ቁጥሯን ለምትፈልጉ እርሷን አስፈቅጄ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ፤ ጠዋት ሐይቅ ላይ ስለምሆን መልስ የምሰጠው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው፤ በእኛ ሰዓት።