ራምዳ፦ አርጊውመንት ቆጥሮ የሚሠራ ላይብረሪ

ራምዳ ጃቫስክሪፕት ለተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተዘጋጀ፣ በነጻ የሚገኝ የፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ ላይብረሪ (ፋንክሽኖችን እያገጣጠሙ ለመሥራት የሚያግዝ ዝግጁ ኮድ) ሲሆን፣ እኔም የሽያጭ ደረሰኝ የሚያወጣ ፕሮግራም ስሠራ ተጠቅሜበታለሁ። ብዙ የሚባልለት ነገር ቢኖርም እዚህ የምገመግመው አንድ ፋንክሽን (ተጠርቶ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ስንት አርጊውመንት (ሲጠራ የሚሰጠው ዋጋ) እንደሚቀበል ላይብረሪው የሚያውቅበትን መንገድ ነው፤ የላይብረሪው ውበትም ሆነ አደጋው የሚነሣው ከዚሁ ነውና።

ከሪ የተባለው መሣሪያው ሦስት አርጊውመንት የሚፈልግ ፋንክሽን ሲሰጡት አንድ በአንድ የሚቀበል አድርጎ ይመልሰዋል፤ አንዱን ሲያቀብሉት ሁለቱን የሚጠብቅ አዲስ ፋንክሽን ይሰጣል። መጠበቁን ትቶ ሥራውን መቼ እንደሚጀምር ለመወሰን ግን ቁጥሩን ማወቅ አለበት፤ ይህንንም የሚያገኘው ጃቫስክሪፕት በእያንዳንዱ ፋንክሽን ላይ ከሚያኖረው፣ ሌንግዝ ከሚባለው ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር የሚይዘው ነባሪ ዋጋ (አርጊውመንቱ ሳይሰጥ ሲቀር የሚተካ ዋጋ) ከተሰጠው የመጀመሪያ ፓራሜተር (አርጊውመንቱን የሚቀበል ስም) በፊት ያሉትን ብቻ ነው፤ በሦስት ነጥብ ተጽፎ የቀረውን ሁሉ የሚሰበስበውን ፓራሜተርም አይቆጥርም።

የእኔ ፋንክሽን ዋጋን፣ የታክስ መጣኔንና ቅናሽን በዚሁ ቅደም ተከተል የሚቀበል ሲሆን፣ ለታክሱ 15 በመቶን ነባሪ አድርጌለት ነበር። ሦስት ፓራሜተር እያለው ሌንግዙ 1 ሆነ። በከሪ አሳልፌ 1000 ብር ስሰጠው ቀሪዎቹን ሁለቱን የሚጠብቅ ፋንክሽን ይመልስልኛል ብዬ ስጠብቅ ወዲያው ሥራውን ጨረሰ፤ ከ1150 ብር ላይ የሚቀነሰው ቅናሽ ገና ስላልተሰጠው የመለሰው ቁጥር ሳይሆን ናን (በጃቫስክሪፕት "ቁጥር አይደለም" ማለት ነው) ነበር። የስህተት መልእክቱ የጠቆመኝ ደግሞ ከዚያ ርቆ ቅናሹን ወደምሰጥበት መስመር ስለሆነ ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ደከምኩ። ጥፋቱ የራምዳ አይደለም፤ የተነገረውን ቁጥር አምኖ ነው የሠራው። ይህንኑ ፋንክሽን በታይፕስክሪፕት (ወደ ጃቫስክሪፕት የሚቀየር ቋንቋ) ጽፎ ወደ ኢኤስ5 (ነባሪ ዋጋን ወደማያውቀው የቀድሞ የጃቫስክሪፕት ሥሪት) የሚቀይር ሰው ደግሞ ሌንግዙን 3 ሆኖ ያገኘዋል፤ ታይፕስክሪፕት ነባሪውን ዋጋ ከፓራሜተሮቹ ዝርዝር አውጥቶ ወደ ፋንክሽኑ አካል ያስገባዋልና። ስለዚህ አንድ ዓይነት ኮድ እንደ አቀያየሩ አንድ ጊዜ ይጠብቃል፣ አንድ ጊዜ አይጠብቅም።

ራምዳ ለዚህ ያዘጋጀው፣ ከሪኤን የተባለ ሌላ መሣሪያ ቁጥሩን ከፕሮግራመሩ ከራሱ ይቀበላል። እኔም 3 ብዬ ስጽፍለት እንደፈለግሁት ጠበቀ፤ ይሁን እንጂ መጣኔውንም እያንዳንዱ ጊዜ መስጠት ግዴታ ስለሚሆን ነባሪው ዋጋ ትርጉም ያጣል። የተሻለው መፍትሔ ነባሪ ያለውን ፓራሜተር ወደ መጨረሻ መውሰድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዋጋና ቅናሽ ሲቀድሙ ሌንግዙ 2 ይሆናል፣ ከሪም ሁለቱን ይጠብቃል፣ መጣኔውን መለወጥ የፈለገም ከቅናሹ ጋር አብሮ ሊያቀብለው ይችላል።

በጣም የወደድኩት ዩነሪን ነው፤ የተሰጠውን ፋንክሽን ከአንድ አርጊውመንት በላይ እንዳይቀበል ይገድበዋል። በዝርዝር ውስጥ ባለው በእያንዳንዱ ነገር ላይ ፋንክሽን የሚያሠራው የጃቫስክሪፕት ማፕ ለሚጠራው ፋንክሽን ዋጋውን፣ ተራ ቁጥሩንና ሙሉ ዝርዝሩን ስለሚያቀብል፣ "10" የሚል ጽሑፍ ሦስት ጊዜ የያዘ ዝርዝር ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር በሚቀይረው በፓርስኢንት ሲያልፍ 10፣ ናንና 2 ይወጣል፤ ፓርስኢንት ከ0 የሚጀምረውን ተራ ቁጥር የቁጥር መሠረት (እንደ አሥርዮሽ 10 ወይም እንደ ሁለትዮሽ 2) አድርጎ ይወስደዋልና። በዩነሪ ሲሸፈን ሦስቱም 10 ይሆናሉ። የራምዳ የራሱ ማፕ ዝርዝር ላይ ሲሠራ የሚያቀብለው ዋጋውን ብቻ ስለሆነ ችግሩ ከመነሻውም አይገጥመውም።

በዚህ ረገድ ራኬት የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጃቫስክሪፕትን ይበልጠዋል። አንድ ፋንክሽን ስንት እንደሚቀበል ሲጠየቅ ልክ 2፣ ቢያንስ 0፣ ወይም ደግሞ 1 ወይም 3 እያለ ለይቶ ይመልሳል፤ አንዲት ነጠላ ቁጥር ይህን ሁሉ ልትናገር አትችልም። ራምዳ ግን በጃቫስክሪፕት ውስጥ ሊሠራ የሚችለውን ያህል ሠርቷል። ከ10 በላይ አርጊውመንት ያለውን ፋንክሽን ከሪ አያስተናግድም፤ እኔ ግን በሥራዬ ከ4 በላይ ፈልጌ አላውቅም። ፓራሜተሮቹን በጥንቃቄ ለሚያሰልፍ ሰው ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ፤ ነባሪ ዋጋ በየቦታው በተበተነበት አሮጌ ኮድ ላይ ግን ሌንግዞቹን አንድ በአንድ ሳያዩ ከሪን አያስገቡ።