ለክረምት ስሜን ምን ዓይነት ስሊፒንግ ባግ? የሬቨሌሽን ኤፔክስ ግምገማ

ሐምሌና ነሐሴ ስሜን ተራሮች የሚወጣ ሰው ሲነሣ የሚፈራው ብርዱን ነው፤ እዚያ ሲደርስ የሚያስቸግረው ግን እርጥበቱ ነው። ድንኳን የሚተከልባቸው ሰፈሮች፣ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይገኛል። በክረምት ደመናው ሙቀቱን ስለሚይዝ ብርዱ ያን ያህል አይከፋም። ግን ጉሙ አይለቅም፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል፣ አንዴ የረጠበ ነገር የሚያደርቅ ፀሐይም ለቀናት ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ በላባ የተሞላው ውድ ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ለታኅሣሥ ይቀመጥ፤ ለክረምቱ ሲንተቲክ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ ክር የተሞላው፣ ይሻላል።

ሻጮች «ሲንተቲክ ረጥቦም ይሞቃል» ይላሉ። ተጋኗል። የሚያሞቀው ክሩ ሳይሆን በክሮቹ መካከል የተያዘው አየር ነው፤ የአየሩን ቦታ ውኃ ከያዘው ሲንተቲክም ይበርዳል። ልዩነቱ የፖሊስተር ክር ራሱ ውኃ አለመምጠጡ ነው። ጨምቀው ሲያራግፉት መልሶ ይነፋል፣ ቶሎም ይደርቃል። የረጠበ ላባ ግን ተጓጉሎ አንድ ጥግ ይሰበሰብና ቀሪው ባዶ ጨርቅ ይሆናል።

ከአሜሪካ ዕቃ ይዞ ለሚመጣ ሰው ጥሩ ምርጫ የሚሆነው በሚኒሶታ ዊኖና ከተማ ያለው ኢንላይትንድ ኢኩዊፕመንት የሚሠራው ሬቨሌሽን ኤፔክስ ነው። በትክክል ከተናገርን ከረጢት ሳይሆን ኩዊልት ነው፦ ጀርባ በኩል ክፍት፣ እግር በኩል ብቻ የሚዘጋ። ከሰው ሥር የተጨፈለቀ ሙሌት ስለማያሞቅ እሱን አስቀርተው ክብደት ቀንሰዋል። እንደ ስፋቱና ቁመቱ 700 ግራም ገደማ ይመዝናል።

ሙሌቱ ክላይማሺልድ ኤፔክስ ይባላል። ክሩ ሳይቆራረጥ የተያያዘ ስለሆነ መሀል ለመሀል መስፋት አያስፈልግም፤ ብርድ የሚገባበት የስፌት መስመር የለውም ማለት ነው። በካሬ ሜትር 122 ግራም የሆነው እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ 170 ግራሙ ደግሞ እስከ ዜሮ አካባቢ ያስኬዳል። ለክረምት ስሜን 170ውን፣ በ30 ፋራናይት የሚሸጠውን ይያዙ። ቶሎ የሚበርደው ሰው ግን 5 ዲግሪ ጨምሮ ያስብ፤ ቁጥሩ የሚነግርዎ የምቾትን ሳይሆን የመቋቋምን ወሰን ነውና።

የማንወደው የእግሩን አዘጋግ ነው። 50 ሳንቲሜትር ገደማ ዚፕ አለው፣ ጫፉ በገመድ ይሳባል፤ ገመዱ ምንም ያህል ቢጠብቅ ትንሽ ቀዳዳ ይቀራል። ድንኳን ውስጥ ደግሞ ከግድግዳው ጋር የሚነካካውና መጀመሪያ የሚረጥበው ያ ጫፍ ነው። ደረቅ ካልሲ መወተፍ ይረዳል። ለዝናብ ብቻ ለሚገዛ ሰው ግን የዚያው ድርጅት ኢኒግማ ኤፔክስ፣ እግሩ የተሰፋው፣ ይሻላል። ሁለቱንም ሲያዝዙ ሰፊውን ይምረጡ፤ ጠባቡ ሲገላበጡ በጎን ይከፈትና ነፋስ ያስገባል። ከሥር የሚነጠፈው ማት (ፍራሽ) አር ቫሊዩው፣ ማለትም የመሬቱን ብርድ የመከልከል አቅሙን የሚለካው ቁጥር፣ 3 ካልደረሰ ስለ ኩዊልቱ ማውራት ትርፉ ድካም ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ለሚገላበጥ ሰው ባለ ዚፑ፣ ኮፍያ ያለው መደበኛ ስሊፒንግ ባግ ይስማማዋል። ለዜሮ ዲግሪ የተሠራው ሲንተቲክ ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል። መለያው ላይ «ኮምፈርት» (ምቾት) የሚለውን ያንብቡ እንጂ «ሊሚት» (የመቋቋም ወሰን) ወይም «ኤክስትሪም» የሚለውን አይመኑ፤ የመጨረሻው የመትረፊያ እንጂ የመተኛ ቁጥር አይደለም። ከዚፑ ጀርባ ወፍራም የነፋስ መከላከያ ጥቅልል መኖሩንም ይዩ። (ጭነቱን በቅሎ የሚሸከምለት ሰው ስለ ግማሽ ኪሎ ልዩነት አይጨነቅ።)

ደባርቅ ወይም ጎንደር ላይ ለመከራየት ያሰበ መለያውን ትቶ በእጁ ይፈትሽ። መሬት ላይ ዘርግተው ያራግፉት፣ ሩብ ሰዓት ይጠብቁ፣ ከዚያ ደረት በሚያርፍበት በኩል መዳፍዎን ያሳርፉ። ሳይጫኑት ወለሉ ከተሰማዎ ሙሌቱ ሞቷል። ብዙ ጊዜ ተጠቅጥቆ የኖረ ሲንተቲክ ክሩ ይሰባበራል፤ ታጥቦ አይመለስም። ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲያዩት ብርሃን በጉልህ የሚያሳልፍ ቦታ ካለ ሌላ ይጠይቁ።

በቅሎ ላይ ሲጫን ከውጭ ያለው ማዳበሪያ ብቻውን ዝናብ አይከለክልም፤ መጀመሪያ ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ አፉ ተጠምዝዞ ይታሰር። ማታ የድንኳኑን ማናፈሻ ክፍት ይተዉ፣ የዝናብ ጃኬትዎን እግርዎ ላይ ጣል ያድርጉ። አፍና አፍንጫ ከውስጥ ተሸፍኖ መተኛት ትልቁ ስሕተት ነው፤ እስትንፋሱ ሙሌቱ ውስጥ ገብቶ ውኃ ይሆናል። ጠዋት ጠቅጥቀው ከመክተትዎ በፊት ገልብጠው ያራግፉት። ለማድረቅ ብለው ወደ እሳት አያስጠጉት፤ አንዲት ፍንጣሪ ናይለኑን አቅልጣ ትበሳዋለች። ቤት ሲገቡም ከትንሿ ከረጢት አውጥተው ቁምሳጥን ውስጥ ይስቀሉት።