ፋርማሲ በዲግሪ ለመመዝገብ ወደ መሃል ከተማ ኮሌጆች ለምትሄዱ፦ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈ ልጅ፣ እህት ወይም ወንድም ኖሯችሁ በመሃል አዲስ አበባ ካሉት የግል ኮሌጆች በአንዱ ፋርማሲ በዲግሪ ለማስመዝገብ የምትዞሩ ሁሉ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ። የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው፤ አንዳንዱ ቃሌ ቢከር ከዚያ የመጣ ነውና ይቅርታ አድርጉልኝ። የኮሌጁን ስም አልጠቅስም፤ ያቀረብኩት አቤቱታ ገና መልስ አላገኘም። ዓይነቱን ግን ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም በእግሩ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከሥር ባንክ፣ ከባንኩ በላይ ካፌና የጥርስ ክሊኒክ ያለበት፣ ከዚያ በላይ ያሉትን ፎቆች ኮሌጁ የተከራየው ሕንፃ ነው፤ ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሱበት ሰፊ ባነር ከፊት ለፊቱ ተሰቅሏል፤ መግቢያው ላይ በራሪ ወረቀት የያዙ ወጣቶች ቆመው ተማሪ የሚመስል ሰው ባለፈ ቁጥር «ምዝገባ ላይ ነን» ይላሉ።

የምዝገባውንም ሥርዓት ታውቁታላችሁ። እንግዳ መቀበያው ላይ የተቀመጠችው ልጅ አባትን «አባቴ»፣ እናትን «እናቴ»፣ እንደ እኔ ያለውን «ወንድሜ» እያለች በትሕትና ታስተናግዳለች፤ ለፋርማሲ የቀረው ቦታ ጥቂት መሆኑን ትናገራለች፤ በዚህ ሳምንት ለሚከፍል ሰው የመመዝገቢያው ብር እንደሚቀነስ ታስረዳለች፤ ስልክ ቁጥር ትቀበልና ማታ ደውላ «ምን ወሰናችሁ?» ትላለች። ጋዋኑን ሳይቀር ከራሳቸው ነው የምትገዙት። ይህ ሁሉ ንግድ ነው፤ በመነገዳቸው ብቻ አልከሳቸውም።

ታናሽ እህቴ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነበረች። የማለፊያው ነጥብ 50 በመቶ ከሆነ ወዲህ ስንቱ ልጅ መንገድ ላይ እንደቀረ ሁላችንም አይተናል፤ እሷ ግን ሪሜዲያል ሳያስፈልጋት በቀጥታ አልፋለች። የተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ነው፤ እናታችን መንገዱን ፈርታ «እኔ ከሞትኩ በኋላ ትሄዳለች» አለች፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ልጅቷ ከፋርማሲ ሌላ ነገር መስማት አትፈልግም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቢሆን የመጀመሪያውን ዓመት ተምሮ፣ በውጤት ተወዳድሮ ነው ወደ ፋርማሲ የሚገባው፤ ጥቁር አንበሳ አጠገብ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትምህርት ቤት የሚመኘው ተማሪ ደግሞ ብዙ ነው። የግሎቹ ግን ገና ስትመዘገቡ የፋርማሲ ተማሪ ያደርጓችኋል፤ ለአምስት ዓመት ትምህርት የሚሆነውን ገንዘብ ከየትም ብሎ የሚፈልግ ቤተሰብ ልቡ የሚሸነፈው በዚህ ነው።

ከመክፈሌ በፊት ጠይቄያለሁ። «ፋርማሲን በዲግሪ ለማስተማር የእውቅና ፈቃድ አላችሁ?» አልኳት፣ በእነዚሁ ቃላት። ልጅቷ በያዘችው እስክሪብቶ ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ አመለከተችኝ። በወርቅማ ፍሬም የተሰቀለ ወረቀት አለ፤ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አርማ፣ ክብ ማህተምና በሰማያዊ ቀለም የተቀመጠ ፊርማ ይታያል፤ «ፋርማሲ» እና «የመጀመሪያ ዲግሪ» የሚሉት ቃላት ከጠረጴዛው ማዶ ለቆመ ሰው ሳይቀር ይነበባሉ። የቀረው ጽሑፍ ደቃቅ ነው፤ መስታወቱም ከፊት ለፊቱ ያለውን የመስኮት ብርሃን ስለሚመልስ ዓይን አያስጠጋም። ጠረጴዛው ሰው ወደ ግድግዳው እንዳያልፍ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። «በቃ ይኸው ነው፣ ወንድሜ፤ ፈቃድ የሌለው እንዲህ አደባባይ አይሰቅልም» አለችኝ፤ አጠገቤ የቆሙት አንዲት እናትም «እውነቷን ነው» አሉ፤ እሳቸውም ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ የመጡ ነበሩ።

የመመዝገቢያውና የመጀመሪያው ሴሚስተር ክፍያ በድምሩ 38,500 ብር ነበር፤ እናታችን እቁብ ደርሷት ያስቀመጠችውን አውጥታ ሰጠችኝ፤ በባንክ ገቢ አድርጌ ደረሰኝ ተቀበልኩ። የእህቴን ትራንስክሪፕትም «ለፋይል» ብለው ኦሪጅናሉን ወሰዱት።

ነገሩ የተገለጠው በአጋጣሚ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ባለው የቁጠባና ብድር ማኅበር ለትምህርት የሚበደር አባል የተቋሙን የእውቅና ፈቃድ ቅጂ ማያያዝ ይጠበቅበታል። ለሁለተኛው ሴሚስተር ከወዲሁ ለመዘጋጀት ብዬ ቅጂ እንዲሰጡኝ ብጠይቅ «ለውጭ ሰው አንሰጥም፤ ማኅበሩ በደብዳቤ ይጠይቅ» ተባልኩ። የማኅበሩን ጸሐፊ ባውቅም ለአንድ ወረቀት ይህን ያህል ደጅ መጥናት አልታየኝም፤ ልጅቷ ለምሳ ስትነሳ ጠረጴዛውን ዞርኩና መስታወቱ እንዳያንጸባርቅ ወደ ጎን ዘንበል ብዬ ፍሬሙን በስልኬ አነሳሁት። ደረጃው ላይ ቆሜ ፎቶውን አሰፋሁት። ፈቃዱ የሐሰት አይደለም፤ የኮሌጁ ስም አለ፤ ፋርማሲ አለ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ አለ። ካምፓሱን በሚገልጸው መስመር ላይ ያለው ግን ከአዲስ አበባ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚርቅ የክልል ከተማ ስም ነው። ከሥሩ የተጻፈው የፈቃዱ ማብቂያ ቀንም አልፏል። መጀመሪያ የፊደል ስህተት መስሎኝ ደጋግሜ አነበብኩት።

ወደ ሬጅስትራሩ ገባሁ። ይህ ሰው ገንዘቡ ባንክ እስኪገባ ድረስ «እርስዎ» ነበር የሚለኝ፤ ያን ቀን ከወንበሩ ቀና ሳይል «ምን ፈለግህ?» አለኝ። ፎቶውን አሳየሁት። ስልኬን ተቀብሎ እንኳ አላየውም፤ የሚያውቀውን ነገር ለምን ያያል። «ኮሌጁ አንድ ነው፤ ቅርንጫፉ ምን ያደርግልሃል?» አለ። እዚህ ካምፓስ ላይ ለዲግሪ ፈቃድ አላችሁ ወይስ የላችሁም ብዬ ስጠይቀው ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ «እዚህ ያለን የደረጃ 4፣ ከዲግሪ በታች ያለው የቴክኒክና ሙያው ነው። የዲግሪው በሂደት ላይ ነው። እስከዚያ ከደረጃ 4ዎቹ ጋር ትማራለች፤ ፈቃዱ ሲመጣ እናዞራታለን። ባይመጣም በዚያኛው ቅርንጫፍ ስም እናስመርቃታለን፤ ማን ያውቃል?» ልብ በሉ፤ ይህን የተናገረው እንደ ምስጢር ሳይሆን እንደ አገልግሎት ነው፤ ላመሰግነው ሁሉ የጠበቀ ይመስል ነበር። ዝም ብዬ ስቀር አጠገቡ ወደ ተቀመጠችው ሠራተኛ ዞሮ «ሰውየው የሚያስተምረው እህቱን ነው ወይስ ፍሬማችንን?» አላት፤ ሁለቱም ሳቁ። እህቴ አብራኝ ነበረች። ጋዋኗን በፌስታል ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የእውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ሳይሆን ለአንድ ካምፓስ፣ ለአንድ የትምህርት መስክና ለአንድ ደረጃ ተለይቶ ነው፤ መደበኛውና የማታው ሳይቀር ይለያያል። ስለዚህ አንድ ኮሌጅ በአንድ ከተማ የተፈቀደለትን ይዞ በሌላ ከተማ ማስተማር አይችልም። ፈቃድ በሌለው ፕሮግራም ዓመታትን የጨረሰ ልጅ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ግዴታ ለሆነው የመውጫ ፈተና የሚቀመጥበት ሕጋዊ መንገድ የለውም፤ ፋርማሲስት ለመሆን ደግሞ ከዚያ በኋላ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ምዘና ይጠብቀዋል። በሌላ ቅርንጫፍ ስም መመረቅ ማለት በግልጽ አማርኛ ሐሰተኛ ማስረጃ መያዝ ነው፤ ሲጣራ ወረቀቱን ይዞ የቀረበው ልጅ ራሱ ይጠየቃል። ደረጃ 4 ተምረው በየመድኃኒት መደብሩ በታማኝነት የሚሠሩትን ድራጊስቶች መናቄ እንዳይመስላችሁ፤ ሰፈራችንን ከችግር የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ነገር ግን መድኃኒት መደብርና ፋርማሲ በሕግም በሥራም የተለያዩ ናቸው፤ ፋርማሲ የሚመራው በዲግሪ የተመረቀና የሙያ ፈቃድ ያለው ፋርማሲስት ነው። በዲግሪ ክፍያ ደረጃ 4 ማስተማር፣ ለዚያውም 12ኛን በጥሩ ውጤት አልፋ ዲግሪ የሚገባትን ልጅ፣ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ለእናንተ ልተወው።

ገንዘባችንን መልሱ አልኩ። ሬጅስትራሩ ደረሰኙን ከእጄ ወስዶ ገለበጠው፤ ጀርባው ላይ በሐምራዊ ማህተም «የተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ አይሆንም» ተብሏል፤ ማህተሙ ላይ ጥፍሩን አሳርፎ እስካነበው ድረስ ጠበቀኝ። ፊቱን ገልብጬ «የተከፈለበት ምክንያት» የሚለውን ሳየው «ፋርማሲ» ብቻ ተጽፏል፤ ዲግሪ ይሁን ደረጃ 4 የሚገልጽ ነገር የለም፤ በባነሩና በበራሪ ወረቀቱ ላይ ግን ዲግሪው በትልቁ ነው የተጻፈው። ትራንስክሪፕቷን ስጡን ስንል ደግሞ ክሊራንስ ካላስጨረሰች እንደማይሰጥ ተነገረን፤ ክሊራንስ ለማስጨረስ የዓመቱ ክፍያ መጠናቀቅ አለበት ተባለ። እንግዲህ ያልተማረችበትን ዓመት ከፍላ ነው የገዛ ወረቀቷን የምትወስደው። ሥራ አስኪያጁን ለማነጋገር ብንጠይቅ «ስብሰባ ላይ ናቸው» አሉን፤ በመስታወቱ በር ሰውየው ቡና ሲጠጡ እየታዩ።

አቤቱታዬን ከፎቶው፣ ከደረሰኙና ከበራሪ ወረቀቱ ጋር ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አስገብቻለሁ። አሳሳች ማስታወቂያን በሚመለከት የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስላለ በዚያም በኩል እሄድበታለሁ። ባለሥልጣኑ በ2017 ዓ.ም. የግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን በአዲስ መልክ እንዲመዘገቡ ካደረገ ወዲህ የቆየ ፈቃድ ይዞ መታየት ብቻውን ዋጋ የለውምና፣ እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት የኮሌጁን ስም ብቻ ሳይሆን ካምፓሱን፣ መስኩንና ደረጃውን ጽፋችሁ ከባለሥልጣኑ ዘንድ አጣሩ፤ ደረሰኙ ላይ «የመጀመሪያ ዲግሪ» ተብሎ ካልተጻፈ አትቀበሉ፤ ኦሪጅናል ማስረጃ አመሳክረው እንዲመልሱላችሁ እንጂ እንዲያስቀምጡት አትፍቀዱ።

ይህን ስታነቡ ሕንፃውን ያወቃችሁትና በዚያው የከፈላችሁ ካላችሁ፣ በተለይ ያን ቀን አጠገቤ ቆመው የነበሩት እናት ወይም ልጃቸው ይህ ከደረሳቸው፣ ደረሰኙንና በራሪ ወረቀቱን እንዳትጥሉ። ባለሥልጣኑ ዘንድ የተቀበለኝ ሠራተኛ ሌሎች ተመዝጋቢዎችም ካሉ አቤቱታው በጋራ ቢቀርብ እንደሚሻል ነግሮኛል፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አብረን እንፈርም።