የሂሉክስ ሾክ፦ ከዱባይ ወይስ ከቻይና?

«ሾክ ከየት ላስመጣ?» የሚለኝ ሰው በዝቷል፤ ሾክ ማለት መንገድ ሲያንገጫግጭ የመኪናውን ንዝረት የሚያበርደው ዕቃ ነው። ትናንት እዚህ ጅማ፣ አጂፕ፣ ቡና እየጠጣሁ ሁለት ሰው ጠየቀኝ። እንግዲህ አንዴ ልጻፈውና ይለይለት። እኔ የዱባዩን ነው የምለው። ይህን ያወቅሁት ከስሬ ነው።

መኪናዬ የ2008 ሞዴል ሂሉክስ ናት። ቡና ጭና ከሊሙ ገነት ጅማ ትመላለሳለች። የፋብሪካው ሾክ ሲደክም ጭነት የሚችል፣ ጠንከር ያለ ጋዝ ሾክ ፈለግሁ። መጀመሪያ ያዘዝኩት ከቻይና ነው። አራቱ 11,000 ብር። ዱባይ የነበረው ኦሪጅናል ካያባ፣ የጃፓኑ ሾክ፣ ደግሞ 32,000። ልዩነቱን አይቼ አላመነታሁም።

ዋጋው የሚታወቀው ግን ዕቃው ጅማ ሲገባ ነው። ካርጎው ቀረጡን ጨምሮ በኪሎ 1,200 ብር አስከፈለኝ፤ 12 ኪሎ፣ 14,400 ብር። ከአዲስ አበባ ማስጫኛና ማስገጠሚያ 3,500። የቻይናው 28,900 ገባ። የዱባዩም ኪሎው ያው ነው፤ 49,900። ስልክ ላይ ሲሶ ዋጋ የነበረው ዕቃ ጅማ ሲደርስ ከግማሽ በላይ ሆነ ማለት ነው። ኪሎ ለኮፒ አይራራም።

በአራተኛው ወር መኪናዋ ጉድጓድ ስትመታ መዝለል ጀመረች። መካኒኬ ከሥር ገብቶ ጣቱን በሾኩ ዘንግ ላይ አሳለፈና አሳየኝ፤ ጥቁር ዘይት፣ አቧራ የለወሰው ጭቃ። ፈትቶ ከአሮጌው ጎን አስተኛው። በካሊበር ስንለካው ዘንጉ በ2 ሚሊ ይቀጥናል። ኒኬሉም ተላልጧል፤ ዘይቱን የሚይዘውን ጎሚኒ የበላው እሱ ነው። ሻጩን ፎቶ ልኬ ጠየቅሁት። ዝም አለ።

በሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ሁለቴ ማዘዝ አይቻልም። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባትም በ2016 ስለተከለከለ፣ ያለችንን መኪና ነው የምናኖረው።

የቻይና ሁሉ መጥፎ ነው አላልኩም። ፖርትመጋላ፣ ተጨማሪ መብራት፣ የሞተር መከላከያ ላሜራ ከዚያው አስመጡ። ስኖርክል (ሞተሩ ከላይ አየር የሚስብበት ቱቦ) ግን ተጠንቀቁ። ካርጎ ቤቶች ዕቃው ቀላል ሆኖ ቦታ ከያዘ ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱን በሴንቲሜትር አባዝተው ለ6,000 ያካፍሉታል። 100 በ45 በ25 የሆነ ካርቶን 4 ኪሎ ቢመዝንም የምትከፍሉት ወደ 19 ኪሎ ነው። ሳታዝዙ የካርቶኑን ልክ ጠይቁ።

የጃፓን ልባሽ ዕቃ ርካሽ ነው የሚሉም አሉ። የጃፓን መሪ በቀኝ ነው፤ የመሪ ሳጥን ከዚያ ገዝቶ ግራ የገባው ሰው አውቃለሁ። የዱባይ መኪና እንደኛው ግራ መሪ ነው፤ አንዱ ምክንያቴም ይሄ ነው።

ዱባይም ቢሆን ኮፒ ሞልቷል። «የሂሉክስ ሾክ» ብላችሁ አትዘዙ። የሻንሲ ቁጥራችሁን ላኩ፣ የዕቃውን ቁጥር አስወጡ፣ ካርቶኑና ዕቃው ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን የሚያሳይ ፎቶ ሳይመጣ ብር አትላኩ። እዚያ ዘመድ ካላችሁ ሱቁ ድረስ ይሂድላችሁ። ለእኔ የሄደችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት፤ የመጀመሪያው ሱቅ ያቀረበላት ካርቶን ቁጥሩ ስላልገጠመ ትታው ወጣች።

እነዚያ ካያባዎች ከተገጠሙ 14 ወር ሆናቸው። ባለፈው ሳምንት ከሊሙ ስመለስ መካኒኬ እንደለመደው ጣቱን በዘንጉ ላይ አሳለፈ። ደረቅ አቧራ ብቻ ነው የነካው።